ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር፤ ስለ ቅርስ ዜናና ስለ ጣና ታንኳ

ከየከተማው ምክር ቤትና ከየባህል መሥሪያ ቤቱ ስለ ቅርስ የሚወጣ አንድ ዓይነት ዜና አለ፤ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ታሪካዊ ሕንጻ ሊጠገን መሆኑ፥ አንድ ገዳም ጐብኚዎችን ለመቀበል መዘጋጀቱ፥ ምክር ቤቱም ጉዳዩን ተመልክቶ በሙሉ ድምፅ ማጽደቁ ይነገርበታል፤ በመጨረሻም ኅብረተሰቡ ቅርሱን በባለቤትነት ስሜት እንዲጠብቅ ጥሪ ይቀርብለታል። ዜናው አጭር ነው፤ ክፉ ነገርም አይገኝበትም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ክፉ ነገር ከቶ የማይገኝበት መሆኑ ነው።

ግጥም ወይም ልብ ወለድ ሲተች ደራሲው የመረጠው ቃልና ሳይናገር የተወው ነገር ይመረመራል። ለቅርስ ዜና ግን ይህን ያህል ክብር የሰጠው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እንደ ማስታወቂያ ተነቦ ይታለፋል። በበኩሌ እንደ አንድ የጽሑፍ ዓይነት ተቈጥሮ ቢመረመር የሚገባ ይመስለኛል፤ ከግጥም ይልቅ ብዙ ሰው የሚያነበው እርሱ ነውና፤ ደግሞም በእርሱ ውስጥ የተጻፈው ቃል ወደ መሬት ወርዶ ቤት ያስፈርሳል ወይም ያቆማል።

የመጀመሪያው ምርመራ ተራ የሰዋስው ምርመራ ነው። በቋንቋችን ባለቤት የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። የንብረቱ ጌታ ባለቤት ይባላል፤ በዐረፍተ ነገርም ውስጥ ድርጊቱን የሚፈጽመው ባለቤት ይባላል። አሁን ማንኛውንም የቅርስ ዜና አንሥታችሁ ግሦቹን ብታወጡ ተገለጸ፥ ታመነበት፥ ተወሰነ፥ ተነሣ፥ ለማ የሚሉትን ታገኛላችሁ። ማን ገለጸ፥ ማን አመነ፥ ማን ከየት ተነሣ ብትሉ መልስ የለም። እንግዲህ ይህ ዜና በመጨረሻው መሥመር ላይ ሕዝቡን ባለቤት እንዲሆን የሚጠራው፥ ከዚያ በፊት ባሉት መሥመሮች ሁሉ ባለቤትን ከዐረፍተ ነገሩ አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር አንድ ከተማ መርጫለሁ። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የጨው ባሕር ዳርቻ የላትም፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ ባሕር ዳር የሆነ ከተማ አላት። ባሕር ዳር ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ በሚሰፋው በጣና ደቡብ ጫፍ፥ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ አጠገብ ተቀምጣለች። ዛሬ የምናያት ከተማ አብዛኛው ክፍሏ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም.፥ በሶቪየት መንግሥት እርዳታ የተሠራው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ፤ ሰፋፊዎቹ የዘንባባ መንገዶችም የመጡት በዚያው ዘመን ጀርመናውያን ካወጡት ፕላን ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው ያለው መንደር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የሚታየውን የድንጋይ ሕንጻ በ1622 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያረፈው ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ እንዳሠራው ይነገራል። ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረብታ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የበዛዊት ቤተ መንግሥት አለ። የሐይቁ ደሴቶችም ገዳሞቻቸውንና የብራና መጻሕፍታቸውን ይዘው ይኖራሉ።

የባሕር ዳር የቅርስ ዜና በአብዛኛው የሚናገረው ስለ እነዚህ ነው፤ ያም ያስመሰግነዋል። ድንጋይና ብራና ጠባቂ ያስፈልጋቸዋል። ከእነዚህ ቀጥሎ ግን በሥዕል ብቻ የሚጠራ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ታንኳ ነው። ታንኳን በሆቴል ሰሌዳ፥ በፖስታ ካርድ፥ በቱሪስት መጽሔት ሽፋን፥ ለእንግዳ በሚሰጥ ትንሽ ስጦታ ላይ ታዩታላችሁ። ዜናው ሲጠቅሰው ታንኳ ከጥንት ጀምሮ በጣና ላይ ሲያገለግል የኖረ መጓጓዣ ነው ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ግን ታንኳው ራሱ ነው። ራሱን ሠርቶ፥ ራሱን ቀዝፎ፥ ለራሱ ያረጀ ያስመስለዋል።

ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ከሐይቁ ዳር፥ እግር ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይታጨዳል፤ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም ተጋጥመው ይጠበቃሉ፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይታጠፋል። ሚስማር የለው፥ ሳንቃ የለው። ውኃ በጠጣ ጊዜ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ምድር ወጥቶ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። ዕድሜውም አጭር ነውና ሠሪው ሌላ ለመሥራት ሁልጊዜ ወደ ደንገሉ ይመለሳል። ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ የታንኳ ዕድሜ የሚቈጠረው በአንዱ ታንኳ አይደለም። ቤተ መንግሥት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይጠበቃል፤ ታንኳ ግን የሚጠበቀው የሚያጭደው እጅና የሚበቅልበት ረግረግ እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። በሙዚየም ውስጥ የተሰቀለ ታንኳ፥ እውነቱን ለመናገር፥ የደረቀ ሣር ነው።

በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ነገደ ወይጦ የሚባሉት በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ ቅርጫትና ሰሌን ይሠራሉ፤ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባሉ፤ እስልምናን ይከተላሉ፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ እየተባለ ጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኑም እስላሙም በማዕድና በጋብቻ ሲርቋቸው ኖረዋል። ታንኳው በሰሌዳ ላይ በወጣበት ከተማ የታንኳው ሠሪ ስም ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ ሲነገር መኖሩን የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ዜናው ግን አያውቅም።

እዚህ ላይ የኛን የተመራማሪዎቹን ወገን ነፃ ማውጣት አይገባኝም። ጄምስ ብሩስ በ1770 ግድም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጎንደር በነበረ ጊዜ፥ የወይጦ ቋንቋ ከሌሎቹ ያገሩ ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ መሆኑን ሰምቶ ቃላቱን ለመጻፍ ፈለገ። ንጉሡንም ለምኖ ሁለት ሰዎች አስመጣ። ሰዎቹ ግን እንሰቅላችኋለን ተብለው ቢፈራሩም እንኳ መልስ አልሰጡም። ለዚህ ሕዝብ የተደረገው የመጀመሪያው የቋንቋ ጥናት እንግዲህ እንዲህ ያለ ነበር፤ ውጤቱ ባዶ መሆኑም አያስደንቅም። ዩጌን ሚትቮኽ በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ የሚናገሩት አማርኛ ብቻ እንደ ሆነ ገለጸ። ማርሴል ግሪዮል በ1928 በዚያ ባለፈ ጊዜ አንድ ሰው በጠፋው ቋንቋ ሲዘፍን ሰማ፤ ትርጕሙን ግን አልተረዳውም። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዐባይ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ፍሬድሪክ ጋምስት በ1979 ነገደ ወይጦ ከአደን ወደ እርሻ እንዴት እንደ ተሻገሩ ጻፈ። ካገራችን ሰዎችም ተክለ ሃይማኖት ገብረ ሥላሴ ታሪካቸውን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራው አድርጎታል። ስለዚህ ሰዎቹ አልተጻፈላቸውም ማለት አይቻልም። የተጻፈው ግን በመጻሕፍት ቤት ሲቀመጥ ዜናው በአደባባይ ይነበባል፤ ሁለቱም አይተዋወቁም።

የጣና ደንገል ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሩቅ ሄዷል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስን ሊሻገሩ ይችሉ ነበር የሚለውን አሳቡን ለመፈተን በፈለገ ጊዜ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። ራ የተባለችው የመጀመሪያይቱ መርከብ በ1969 ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች ታስራ ከሞሮኮ ተነሣች፤ መድረሻዋን ሳትነካ ተበላሸች። ሁለተኛይቱ፥ በቦሊቪያ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ያሰሯት፥ በ1970 በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰች፤ ዛሬም በኦስሎ ሙዚየም ትታያለች። የመርከበኞቹ ስም በዓለም ታወቀ። የቻዶቹና የቦሊቪያዎቹ ሠሪዎችም እንኳ በመጠኑ ተመሰገኑ። ደንገሉ ግን ከጣና መጣ ተብሎ ታለፈ፤ ደንገል እንደ ደመና በራሱ የሚመጣ ይመስል።

አንባቢ እዚህ ላይ፥ ስም መጥራት ጨዋነት ነው፤ ነገር ግን ባይጠራስ ምን ይጐዳል? ይለኝ ይሆናል። ጕዳቱ በዳርቻው ላይ ነው የሚታየው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ በፊት ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እንቦጭ የሚባለው አረም የሐይቁን ዳር እየያዘ መጥቷል። የረግረጉ ዳር ወደ እርሻ ይቀየራል፤ በከተማው በኩል ደግሞ ዳርቻው ለሆቴልና ለመናፈሻ ይፈለጋል። ነገደ ወይጦ ከተማዪቱ በሰፋች ቍጥር ከውኃው ዳር ወደ ውስጥ ሲገፉ መኖራቸውን ያጠኗቸው ሰዎች ጽፈዋል። እንግዲህ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዜና ቢወጣ፥ አንደኛው ዳርቻው እንደሚዋብ፥ ሁለተኛው ታንኳ የከተማው ቅርስ ሆኖ እንደሚጠበቅ ቢናገር፥ ሁለቱም መልካም ወሬ ሆነው ይነበባሉ። አንዱ ሌላውን እንደሚያፈርስ የሚታወቀው ታንኳውን የሚሠራ ሰው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። ያ ሰው ደንገል የሚያጭድበት ረግረግ፥ የሚያደርቅበት ሜዳ፥ ታንኳውን ስቦ የሚያወጣበት ዳር ያስፈልገዋልና። ዳርቻውን በድንጋይ አንጥፎ ታንኳውን በሰሌዳ ላይ መሣል ይቻላል፤ ሠሪውን ግን በሰሌዳው ላይ ማኖር አይቻልም።

ሕጉ በዚህ ነገር ከዜናው ቀድሞ ሄዷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 209 የማይዳሰሰውን ቅርስ ከሚዳሰሰው ጋር አንድ ላይ ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተቀበለችው የዩኔስኮ ስምምነትም ቅርስ የሚሆነው ማኅበረሰቦች፥ ቡድኖችና አንዳንዴም ግለሰቦች የእኛ ነው ብለው የሚያውቁት እንደ ሆነ ይደነግጋል። በዚህ ስምምነት መሠረት መስቀል፥ ፍቼ ጨምበላላ፥ ገዳ፥ ጥምቀትና የሐረሪዎቹ ሹዋሊድ ተመዝግበዋል። እነዚህ ሁሉ ስለ እነርሱ የሚናገር ትልቅ ሕዝብ ወይም የታወቀ ተቋም ያላቸው ናቸው። የዐማራ ክልል ሕገ መንግሥትም ለኽምራ፥ ለአዊና ለኦሮሞ በየስማቸው የሚጠራ አስተዳደርና ምክር ቤት ሰጥቷል። ነገደ ወይጦ ቍጥራቸው ጥቂት ነውና እንዲህ ያለ ምክር ቤት የላቸውም። እንግዲያውስ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ የሚለው ቃል ሲነበብ፥ ሙሉው ድምፅ የማንና የማን ድምፅ እንደ ሆነ መጠየቅ የሰዋስው ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በውጭ አገር ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ በደቡብ እንግሊዝ ዳርቻ ወደምትገኘው ሄስቲንግስ ወደምትባል ከተማ ጥቂት ጊዜ ሄጄ ነበር። በዚያ ስቴድ በሚሉት የጠጠር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን እየጐተቱ ያወጣሉ፤ ወደብ የላቸውም። መረባቸውን ያኖሩባቸው የነበሩት ቀጫጭን ረዣዥም ጥቋቍር የእንጨት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፤ የዓሣ አጥማጆቹ ቤተ ክርስቲያን የነበረውም ከ1956 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ ሙዚየም ነው። በዚሁ ዳርቻ ላይ የሥዕል አዳራሽ ይሠራ የሚል አሳብ መጥቶ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ዓሣ አጥማጆቹ ቦታው የሥራ ቦታ ነው ብለው ተቃወሙ፤ በየመስኮቱ የተቃውሞ ጽሑፍ ለጠፉ። ምክር ቤቱ ፈቀደ፤ አዳራሹም በመጋቢት 2012 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተከፈተ። ዓሣ አጥማጆቹ ተረቱ ማለት ነው።

እኔን የማረከኝ መረታታቸው የተጻፈበት ሁኔታ ነው። ስለዚያ ጉዳይ የወጣውን የከተማ ወሬ ሳነብ ተቃዋሚው ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንዳለ፥ ደጋፊውም ምን እንደ መለሰ አገኘሁ። እንግሊዞች ይህን የሚያደርጉት ከኛ የበለጠ ቅን ልብ ስላላቸው አይመስለኝም፤ ክርክር የሌለበት ወሬ አንባቢ አያገኝምና ነው። ይሁን እንጂ ከዓመታት በኋላ ሄጄ ሳይ ጀልባዎቹ ከአዳራሹ አጠገብ በጠጠሩ ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ለማንሣት የሚያስብ ሰው ቢነሣ እነማን እንደሚቃወሙት አስቀድሞ ያውቃል፤ በወረቀት ላይ ሰፍሯልና።

ከውጭ ያመጣሁት ምሳሌ ብቻ ከሆነ ግን ተቃውሞው ቀላል ነው፤ እዚያ ሌላ አገር ነው፥ ሌላ ልማድ ነው ይባላል። ስለዚህ ወደምኖርበት ሰፈር ልመለስ። አየር ጤና ከአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኝ፥ ጐብኚ ካሜራ ይዞ የማይመጣበት ሰፈር ነው። ዜናው እንደሚለካው ቢለካ ቅርስ የሚባል ነገር ከቶ ላይገኝበት ይችላል። በሰፈራችን ግን እድር አለ፤ እድሩም መዝገብ አለው።

የእድርን መዝገብ ያየ ሰው ቃለ ጉባኤ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ባለፈው ዓመት ድንኳኑ ለሠርግ ላባል ያልሆነ ሰው ይከራይ ወይስ አይከራይ የሚል ክርክር ተነሥቶ ሁለት እሑድ ፈጀ። በመጨረሻ ይከራይ ተባለ። ጸሓፊው፥ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፥ አሳቡን ያቀረበውን፥ የደገፉትን፥ የተቃወሙትንም አባሎች ስም ከነምክንያታቸው ጻፉ፤ ለሚመጣውም እሑድ አነበቡት። አንዲት እናት ተነሥተው፥ እኔ የተቃወምኩት በኪራዩ አይደለም፥ ሳይታጠብ መመለሱን ነው ብለው አሳረሙ፤ ታረመ። ከስብሰባው በኋላ ጠጋ ብዬ፥

«ጋሼ፥ ነገሩ ካለቀ በኋላ የተቃወሙትን ስም ለምን ይጽፋሉ?» አልኳቸው።

«ድንኳኑ ተቀዶ ቢመለስ እነሱ ትክክል ሆነው ሊገኙ አይደለም እንዴ፥ ልጄ?» አሉኝ።

እኒህ ሰው ስለ ትችትም ስለ ጎሣ ጥናትም አንድ ገጽ ያነበቡ አይመስለኝም። በመዝገባቸው ውስጥ ግን ባለቤት የሌለው ግሥ አላገኘሁም፤ ተወሰነ ብለው ሲጽፉ እንኳ በጠቅላላ ጉባኤው ይላሉ፥ ቀጥለውም የተገኘውን ሰው ቍጥር ይጽፋሉ። የእድር ጸሓፊዎች ይህን ልማድ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አልተማሩትም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጥቶ ቀበሌ ሲቋቋም እድር ከዚያ በፊት ነበረ፤ ቀበሌው በወረዳ ሲተካም እድሩ አለ። ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ መጠየቁ አይቀርምና፥ ጸሓፊው ግልጽ አድርጎ መጻፍን በግድ ይለምዳል። የምክር ቤት ዜና ጸሓፊ ግን እንዲህ ተነሥቶ የሚያሳርመው እናት የለውም።

ለዜና ጸሓፊዎቹ ፍርድ ሳልሰጥ ማለፍ አልችልም፤ ሁሉንም በእነርሱ ላይ መጫንም ግን አይገባም። ብዙዎቹ የተሰጣቸውን ወረቀት ወደ ዜና የሚለውጡ ወጣቶች ናቸው፤ ወረቀቱ ባለቤት ሳይኖረው ከመጣ እነርሱ ከየት ያመጡለታል? በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳ መፍረስ በጀመረ ጊዜ የትኛው ሕንጻ በቅርስነት ተመዝግቧል፥ የትኛው አልተመዘገበም የሚለው ብዙ ተነገረ፤ በቤቶቹ ውስጥ ስለ ነበሩት ልብስ ሰፊዎች፥ ወርቅ ሠሪዎችና ሻይ ቤቶች የተነገረው ከዚያ ያነሰ ነበር። የተቃወመም የደገፈም ወገን ስለ ግንብ ሲከራከር ሰነበተ። ስለዚህ ጕድለቱ የመሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም፤ እኛም የተማርን የምንባለው፥ ቅርስ ሲባል ዓይናችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ድንጋይ ነው። ራሴም ባሕር ዳር በሄድኩ ጊዜ የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፍኩት በደሴቶቹ ገዳማት ነበር፤ ወደ ደንገሉ የሄድኩት በሁለተኛው ቀን፥ ያውም ከቀትር በኋላ ነው።

የዳርቻው ዜና በእድር መዝገብ ልማድ ቢጻፍ ምን ይመስል እንደ ነበር አስቤያለሁ። በዚህ ቀን ከዚህ እስከዚያ ያለው ዳርቻ ለመናፈሻ እንዲሆን እገሌ አሳብ አቀረበ፤ በዚያ ዳርቻ ይህን ያህል ታንኳ ሠሪ ይሠራል፤ ከእነርሱ እነ እገሌ ተጠርተው መጡ፥ እነ እገሌ አልተጠሩም፤ የመጡት ደንገል የሚታጨድበት ይህ ስፍራ እንዲቀር ጠየቁ፤ ምክር ቤቱ ጥያቄውን በዚህ ምክንያት ተቀበለ ወይም በዚህ ምክንያት አልተቀበለም፤ ይህን ያህል ሰው ደገፈ፥ ይህን ያህል ተቃወመ። ዜናው ከአሁኑ በሦስት መሥመር ይረዝማል። ምናልባት ለበዓል ቀን አይመች ይሆናል።

የመጨረሻው ቀን ላይ፥ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት፥ አንድ ታንኳ በአጥር ላይ ቀጥ ብሎ ተደግፎ ሲደርቅ አየሁ። አጥሩ አዲስ ነበር፤ ከአጥሩ ማዶ ምን እንደሚሠራ የሚናገር ጽሑፍ አልነበረበትም። የሚቀጥለው የዳርቻ ዜና ሲወጣ በመጀመሪያ የምፈልገው ያ ታንኳ ከዚያ በኋላ የት እንደ ተደገፈ ነው።